ከሱሉልታ፣ እንኳን አደረሳችሁ

ወዳጆቼ፣ እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን በሰላም አሸጋገራችሁ! የዶሮውን ዋጋ ዛሬ አላነሳም። ገበያ የወጣ ሁሉ ያውቀዋል።

ሱሉልታ የጎጃም መንገድ ዳር ለምንኖር ሰዎች አዲስ ዓመት መቃረቡ የሚታወቀን በነሐሴ 24 ነው፤ በአቡነ ተክለ ሃይማኖት ዕለት። ከደብረ ሊባኖስ የሚመለሱት አውቶቡሶች ጭቃ በጭቃ ሆነው ያልፋሉ። ውስጥ ያለው ሰው ነጠላው እርጥብ ነው፤ ጸበል የሞላ ቢጫ ጀሪካኑን ጉልበቱ ላይ አቅፎ እንቅልፍ ይጥለዋል።

ገዳሙን መጀመሪያ ያየ ሰው ሕንፃው የጥንት ይመስለዋል። ባለቀለም መስታወቱም ጉልላቱም አፄ ኃይለ ሥላሴ በ1950ዎቹ ያሠሩት ነው። ገዳሙ ግን የ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። አቡነ ተክለ ሃይማኖት ሲመሠርቱት ደብረ አስቦ ይባል ነበር፤ ደብረ ሊባኖስ ያሉት በኋላ አፄ ዘርዐ ያዕቆብ ናቸው። በ1523 ዓ.ም. የኢማም አህመድ ጦር ሲደርስ ማኅበሩ ቤዛ እንክፈልና ቤተ ክርስቲያኑ ይትረፍ ብሎ ነበር። አልሆነም፣ ተቃጠለ።

ሁሌ የሚከነክነኝ ግን የ1929ኙ ነው። ግንቦት 12 የጻድቁ ፍልሰተ አጽም ነው፤ ሰው ከየአገሩ ይመጣል። የፋሺስት ጣሊያኑ ገዥ ግራዚያኒ የካቲት 12 ቦምብ ከተወረወረበት ወዲህ ገዳሙን ጠምዶ ይዞት ነበር። ወታደሮቹ ለበዓሉ የተሰበሰበውን ሰው ከበቡ፣ በካሚዮን ጫኑ፣ ላጋ ወልዴ ሸለቆ ወስደው ረሸኑ። ግራዚያኒ በቴሌግራም ያሳወቀው 297 መነኮሳት ብሎ ነው። ዲያቆናቱም ከቀናት በኋላ ተረሸኑ። ተመራማሪዎች ቆይተው ሲያሰሉት ቁጥሩ ከ1,400 እስከ 2,000 ገደማ ደረሰ።

እስቲ አስቡት፤ በዓል ላክብር ብሎ የመጣ ሰው ነው የሞተው። ከዚያ በኋላ «ቤቴ ሆኜ እጸልያለሁ» ያለ ቢኖር ማን ይፈርድበታል? ሰው ግን ነጠላውን አጣፍቶ ተመልሶ ሄደ። ሕንፃው ሲፈርስና ሲሠራ ኖሯል፤ በእኔ ግምት እዚያ ቦታ ጥንታዊ የሚባለው ይኼ መሄድ ነው። ዘንድሮም መንገዱ በአውቶቡስ ተጨናንቆ ዋለ፤ ሹፌሮቹ ቢያማርሩም እኔ ደስ ብሎኛል።

በበዓሉ በዚህ የምታልፉ ካላችሁ ደውሉልኝ። ጠላው ደርሷል፣ ቡናም አይጠፋም። መልካም አዲስ ዓመት!