ጆሮ ያጣ ግጥም

ዛሬ ሰው ማናገር አላሰኘኝም። ጉሙ እስከ ረፋድ አልተገለጠም፤ የደብረ ብርሃንን ብርድ ደግሞ ታውቁታላችሁ። አንድ የማውቀው ልጅ ከሰው አገር ግጥም ልኮ «አስተያየትህን» ብሎኛል። ልመልስለት ተቀምጬ ሐሳቤ ጥሎኝ ሄደ።

ጦርነትና ስደት ስላየ ገጣሚ ሲወራ የሚነሣው ሁሌ ምን ደረሰበት የሚለው ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ማን ይሰማው ነበር የሚለው ነው። ጦርነት ለገጣሚ ሰሚ ይሰበስብለታል፤ ስደት ይበትንበታል። የስንኙ ርዝመት፣ ቤት አመታቱ፣ ሰምና ወርቁ የሚለወጠው ከዚያ ወዲያ ነው።

ፉከራን እንይ። ወል ቤት በሚባለው የግጥም ልክ፣ ስድስት ስድስት ቀለም (ክፍለ ቃል) ተከፍሎ፣ እንዲህ ቢባል፦

ተራራው ይጠየቅ ገደሉ ይናገር፣
ማን ቀድሞ እንደ ወጣ ማን ኋላ እንደ ነበር።

አሁን የገጠምኩት ነው፤ አያስመካም። ግን ተራራው ስም የለውም። ፎካሪው ዘራፍ ብሎ ሲነሣ በጣቱ ያሳየዋላ! ሰሚውም ትናንት እዚያው ገደል ላይ ነበር። ስሙን መጥራት ትርፍ ነው። መዋሸትም አያዋጣም፤ «አንተ እንኳን ኋላ ነበርክ» የሚል ፊት ለፊት ቆሟል። ስንኙ አጭርና ጠንካራ የሚሆነው ግማሹን ሥራ ሰሚው ስለሚሠራለት ነው። ጣሊያን ይህን አላጣውም፤ ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ ግራዚያኒ ከጠንቋዩ ጋር አዝማሪውም ተይዞ እንዲገደል አዟል። ወሬ ከመንደር መንደር የሚሻገረው በግጥም ነበርና።

ያንኑ ስም የለሽ ተራራ ባሕር አሻግሩት፦

ያገሬ ተራራ አየሩ ናፈቀኝ፣
የሰው አገር ውርጩ ብርዱ አንቀጠቀጠኝ።

ልኩ ሙሉ ነው፤ ቤቱም መቷል። ነገር ግን ሞቷል። አንደኛ፣ ጣት የሚቀስርበት የለም፤ ተራራው የማንም ተራራ ሆነ። ሁለተኛ፣ ቤቱ ያለ ድካም የመጣ ነው። ናፈቀኝ፣ ከፋኝ፣ በረደኝ፣ አመመኝ፦ አማርኛ ከሚሰማን ብዙውን በ«ኝ» ስለሚዘጋ፣ የስደት ገጣሚ ሳያስበው አርባ ስንኝ በአንድ ቤት ይነዳል። ጆሮ ከአራተኛው በኋላ ይደነዝዛል። መድኃኒቱ ስሜቱን ከስንኙ መጨረሻ አንሥቶ ቦታውን ለዕቃ መስጠት ነው። የመንዝ ሰው ጓሳ የሚባለውን ሣር አጭዶ ቤት እንደሚከድን የሚያውቅ ገጣሚ እንዲህ ሊል ይችላል፦

ጓሳው ታጭዶ ይሆን ለእናቴ ቤት ጣራ፣
ዘንድሮ ማን ወጣ ወደዚያ ተራራ?

«ናፈቀኝ» የለም። ጥያቄ ስለሆነ ግን መላሽ ይፈልጋል፤ መላሹ ሩቅ መሆኑ እዚያው ይታወቃል። ተራራውም በጓሳው ታወቀ፤ ደጋ ነው፣ ሰው ማጭድ ይዞ የሚወጣበት።

ሰምና ወርቁማ የባሰ ነው። ወርቅ የሚቆፈረው ቆፋሪ ሲኖር ነው። በሰው አገር ያደገ ልጅ ሰሙን ብቻ ሰምቶ ያልፋል። ገጣሚው ይህን ሲፈራ ወርቁን ራሱ አውጥቶ ያሰጣዋል፣ ከዚያ ያብራራዋል፣ ሁለት ስንኝ የነበረው አሥራ ሁለት ይሆናል። የእኛው የመርሐ ቤቴው ሰው፣ ደራሲው ብላቴን ጌታ ኅሩይ በ1931 ዓ.ም. ስደት ላይ እንግሊዝ አገር ባዝ ከተማ ሲያርፉ፣ በዚያ ከተማ «ወንዙ» ቢባል ጀማ ትዝ የሚለው ስንት ሰው ነበር?

ሐሳቤን የሚያፈርስ ግን አለ። አይሁዳዊው ገጣሚ ፓውል ፀላን ወላጆቹን በናዚዎች ዘመን በካምፕ አጥቶ፣ ፓሪስ ተቀምጦ፣ የገዳዮቹ ቋንቋ በሆነው በጀርመንኛ ገጠመ። ስንኞቹ እያደር ከመርዘም ይልቅ አጠሩ፤ አንዳንዴ መስመሩ አንድ ቃል ብቻ ነው። ሰሚ ማጣት ያስረዝማል ያልኩት እዚህ አይሠራም። ፍልስጥኤማዊው ገጣሚ ማሕሙድ ደርዊሽ ደግሞ በ1948 እ.ኤ.አ. መንደሩ ፈርሶበትም፣ ተሰዶም፣ ሲያነብ ሕዝብ ይጎርፍለት ነበር። አገር ማጣትና ሰሚ ማጣት ለየቅል ናቸው ማለት ነው። ወይስ ፀላን ሰሚውን ያልፈለገው እሱ ራሱ ነው?

ከወለጋ ተፈናቅለው እዚሁ ደብረ ብርሃን የተጠለሉት ደግሞ ሦስተኛ ዓይነት ናቸው። ቋንቋው ዙሪያቸውን ነው፤ ጎረቤት ድንኳን ያለው ያንኑ ያየ ነው። ቀዬው ግን የለም። ከዚያ የሚወጣው ልጅ ምን ይገጥማል? ፉከራ እንዳይሆን ተራራው ሩቅ ነው። ሙሾ እንዳይሆን ሁሉም አልቃሽ ነው፤ ማን ማንን ያጽናና? ስም ይጥራ ወይስ በጣቱ ያሳይ? ወደ የትስ ይቀስራል?

አስቤበት እመለስበታለሁ። «እመለስበታለሁ» ያልኩት ሁሉ የት እንደ ደረሰ እናንተ ታውቃላችሁ።