በዱቤ የተተከለው ድንኳን

ከዋና ከተማ ርቀው የተሠሩ ቴአትር ቤቶች ታሪካቸው ሲጻፍ ስለ አርክቴክቱ፣ ስለ መክፈቻው ምሽትና ስለ መጀመሪያው ዝነኛ ተዋናይ ብዙ ይባላል፤ ገንዘቡ ግን «በሕዝብ መዋጮ ተሠራ» በምትል አንዲት ሐረግ ይታለፋል። በካናዳ ስትራትፎርድ፣ በእንግሊዝ ቺቸስተርና በአሜሪካ ሚኒያፖሊስ የቆሙትን ሦስት ቴአትር ቤቶች ታሪክ ጎን ለጎን ሳነብ፣ ይህች ሐረግ ምን ያህል የተለያዩ ነገሮችን እንደምትሸፍን ተረዳሁ። ሦስቱንም የሚያገናኛቸው አየርላንድ ውስጥ ይኖር የነበረው አዘጋጅ ታይሮን ጋትሪ ነው፤ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን በቀጥታ መሥርቷል፣ የመካከለኛው ደግሞ ከእርሱ ሥራ የተቀዳ ነው። ገንዘቡ የተገኘበት መንገድ ግን በሦስቱም ቦታ ለየቅል ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ቀናት፣ ወራትና ዓመታት ሁሉ በጎርጎሮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር የምትገኘው ስትራትፎርድ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ወደ 20 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ የሚኖርባት፣ ኑሮዋን በባቡር መጠገኛ ላይ የመሠረተች ትንሽ ከተማ ነበረች። በእንፋሎት የሚሠሩት ባቡሮች በናፍጣ እየተተኩ ሲሄዱ መጠገኛው እንደማይዘልቅ ግልጽ ሆነ። ቶም ፓተርሰን የተባለው የከተማዋ ተወላጅ ጋዜጠኛ፣ የቴአትር ልምድ ሳይኖረው፣ ከተማችን ስሟን ከሼክስፒር የትውልድ ቦታ ከወሰደችና ወንዟም ኤቮን ከተባለ የሼክስፒር ፌስቲቫል ለምን አናዘጋጅም የሚል ሐሳብ ይዞ ተነሣ። በ1952 ኒው ዮርክ ሄዶ ዝነኛውን እንግሊዛዊ ተዋናይ ሎረንስ ኦሊቪየርን ለማነጋገር ከከተማው ምክር ቤት 100 ዶላር ጠየቀ፤ ምክር ቤቱም 125 ዶላር ፈቀደለት። ኦሊቪየርን ሳያገኘው ተመለሰ። እኔን ከጉዞው መክሸፍ ይልቅ የሚገርመኝ ያ ተጨማሪ 25 ዶላር ነው፤ የተጠየቀውን ሳይቀንስ፣ እንዲያውም ጨምሮ የሚሰጥ ምክር ቤት በየትም አገር ብዙ አይገኝም።

ፓተርሰን ቀጥሎ በሰው ጥቆማ ወደ አየርላንድ ስልክ ደውሎ ጋትሪን አነጋገረ። ጋትሪ በ1952 በጋ መጥቶ ከተማዋንና ፌስቲቫሉን የሚያዘጋጀውን ኮሚቴ አየ፤ ዓላማቸው ቱሪስት መሳብ ብቻ ከሆነ እንደማይፈልግና የሥራው ጥራት ከሁሉ መቅደም እንዳለበት ነግሯቸው ተስማማ። ቀጥሎም አሌክ ጊነስና አይሪን ዎርዝ ለመተወን ፈቀዱ፣ ታንያ ሞይሴይዊች ተመልካች በሦስት ወገን የሚከብበውን መድረክ ነደፈች። እንግዲህ አዘጋጁ፣ ተዋንያኑና የመድረኩ ንድፍ በእጅ ሲገቡ ቤቱም ሆነ ቤቱን የሚያሠራው ገንዘብ ገና አልነበረም። ለግንባታ የሚበቃ ስለማይገኝ መቀመጫው የሚያርፍበት ክብ ጉድጓድ ተቆፍሮ ኮንክሪት እንዲፈስስበትና ከላዩ ትልቅ ድንኳን እንዲዘረጋበት ተወሰነ፤ ድንኳኑም ቺካጎ ላይ ታዘዘ።

በ1953 ጸደይ ገንዘቡ አለቀ። የድንኳኑ ሠሪዎች ክፍያ ስላልደረሳቸው ሥራውን አቆሙ፣ ኮሚቴውም ፌስቲቫሉን በአንድ ዓመት ስለማራዘም መምከር ጀመረ። በዚህ ጊዜ ኦሊቨር ጋፍኒ የተባለው የከተማዋ ሥራ ተቋራጭ ሳይከፈለው ቁፋሮውንና የኮንክሪት ሥራውን ቀጠለ። ጋፍኒ ገንዘብ አዋጣ ተብሎ ሊጻፍለት አይችል ይሆናል፤ ነገር ግን የሠራተኛ ደመወዝና የሲሚንቶ ዋጋ ከራሱ ኪስ እያወጣ ለሳምንታት መሥራቱ ከብዙ ቼኮች የሚበልጥ መዋጮ ነበር። ማንም ባለሀብት ያልተቆፈረ ጉድጓድ አይቶ አይለግስም፤ ግማሹ የተሠራ መድረክ ግን ከተማውን በሙሉ በእፍረት ይይዛል። ሥራው ባለመቆሙ ከከተማዋ ድርጅቶችና ከሌሎች ለጋሾች በመጨረሻው ሰዓት ገንዘብ ተገኘ፣ ድንኳኑ ተተከለ፣ ሐምሌ 13 ቀን 1953 «ሪቻርድ ሦስተኛ» ታየ። የሕዝቡ ብዛት ከተጠበቀው በላይ ስለነበረ ለአምስት ሳምንት የታሰበው ትርኢት ወደ ስድስት ተራዘመ።

እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን ታሪክ ስናነብ ነገሩ እንግዳ አይሆንብንም። በውጭ አገር ቤተ ክርስቲያን ወይም የማኅበረሰብ አዳራሽ ለመግዛት በእራት ግብዣ ላይ ስም እየተጠራ ቃል ሲገባ ያየ ሁሉ፣ ቃል በተገባውና ገቢ በሆነው ገንዘብ መካከል ያለውን ርቀት ያውቀዋል። ያ ርቀት የሚሸፈነው ሁልጊዜ በአንድ ዝም ባለ ሰው ዱቤ ነው፤ አበዳሪው ወይ አናጺ ነው፣ ወይ ዕቃ አቅራቢ ነው፣ ወይ ቤቱን ያስያዘ የኮሚቴ አባል ነው። በአዲስ አበባ የምናውቃቸው ትላልቅ ቴአትር ቤቶች በመንግሥት እጅ ስለቆዩ ይህን ልምዳችንን ለቴአትር ቤት ግንባታ ያዋልንበት አጋጣሚ ጥቂት ነው።

ስትራትፎርድ ለአራት በጋ በድንኳን ከሠራች በኋላ በ1957 ሮበርት ፌርፊልድ የነደፈው ቋሚ ሕንፃ በዚያው መድረክ ላይ ተሠራ፣ ጣሪያውም ድንኳኑን እንዲያስታውስ ተደርጎ ታጠፈ። የዚህኛው ወጪ በሚሊዮን የሚቆጠር ዶላር ቢሆንም ልመናው ቀሎ ነበር፤ የሚለመነው ሰው ትርኢቱን አስቀድሞ አይቶታልና።

በጥር 1959 የቺቸስተሩ የመነጽር ባለሙያና የቀድሞ ከንቲባ ሌዝሊ ኤቨርሸድ ማርቲን፣ ጋትሪ ስለ ስትራትፎርድ የሚናገርበትን የቢቢሲ ዝግጅት በቴሌቪዥን ተመለከተና ካናዳውያኑ የቻሉትን እኛም እንችላለን ብሎ ተነሣ። ከመንግሥት ገንዘብ አልጠየቀም። የከተማው ምክር ቤት ኦክላንድስ በተባለው መናፈሻ መሬት ሰጠ፣ 105 ሺህ ፓውንድ ያህሉ ግንባታም በሕዝብና በድርጅቶች መዋጮ ተሸፈነ። ለአንድ ሺህ ሦስት መቶ ከሚበልጥ ተመልካች ይህ ርካሽ ነው፤ ርካሽ ያደረገውም የመድረኩ ዓይነት ነው። ተመልካች በሦስት ወገን የሚከብበው መድረክ መጋረጃ የለውም፣ ከበላዩ የትዕይንት ጨርቅ የሚሰቀልበት ረጅም ማማ አያስፈልገውም፣ መቀመጫውም በጥቂት ረድፍ ዙሪያውን ስለሚደረደር ብዙ ሰው በቅርብ ይይዛል። አርክቴክቶቹ ፓውልና ሞያ ይህን ተጠቅመው ባለ ስድስት ጎን የኮንክሪት ቤት ሠሩ። በሐምሌ 1962 ሲከፈት የመጀመሪያው የጥበብ ዳይሬክተር ሆኖ የተሾመው ፓተርሰን ኒው ዮርክ ድረስ ሄዶ ያጣው ሎረንስ ኦሊቪየር ነበር።

ነገር ግን ያኔ የተቆጠበው ገንዘብ ጊዜውን ጠብቆ መጠየቁ አልቀረም። ከመድረክ ጀርባ ያለው ቦታ ጠባብ፣ የተዋንያን ክፍሎችም የማይመቹ ስለነበሩ ቤቱ በ2010ሮቹ መጀመሪያ በ22 ሚሊዮን ፓውንድ ታደሰ፤ ከዚያም ውስጥ ከፍተኛው ድርሻ በእንግሊዝ የኪነ ጥበብ ምክር ቤት በኩል የመጣ የሕዝብ ገንዘብ ነው። በ1962 ያለ መንግሥት እርዳታ መሠራቱ እስከ ዛሬ በኩራት ይነገራል፣ ኩራቱም ተገቢ ነው፤ የኋለኛው ሒሳብ ግን አብሮ ቢነገር መልካም ነበር።

የሚኒያፖሊሱ ታሪክ ከሁለቱ በተቃራኒ አቅጣጫ ይሄዳል። እዚህ ከተማዋ አዘጋጅ አልፈለገችም፣ አዘጋጁ ከተማ ፈለገ። ጋትሪ፣ ኦሊቨር ሪያና ፒተር ዛይስለር ብሮድዌይ ከሚባለው የኒው ዮርክ የቴአትር ንግድ ርቆ ቋሚ ተዋንያን የሚኖሩት ቴአትር ቤት ለመመሥረት ማሰባቸውን የኒው ዮርክ ታይምሱ ሐያሲ ብሩክስ አትኪንሰን በመስከረም 1959 በአጭሩ ጻፈ፤ ሰባት ከተሞችም ፍላጎታቸውን ገለጹ። ሚኒያፖሊስን ያስመረጣት አንዱ ምክንያት የዎከር ፋውንዴሽን ከዎከር የሥነ ጥበብ ማዕከል አጠገብ መሬት፣ ከመሬቱም ጋር 400 ሺህ ዶላር ለመስጠት መዘጋጀቱ ነው። የጋዜጣ ባለቤቶች ልጅ የሆነው ጆን ካውልስ ታናሹ የመራው ኮሚቴ ከ2 ሚሊዮን ዶላር በላይ አሰባሰበ።

በማንካቶ ከተማ የሰንበት ትምህርት ቤት ሕፃናት ያዋጡት ስድስት ዶላር ከጥቂት ሳንቲም ከዚህ ዘመቻ የሚታወስ ወግ ነው። ወጉን እወደዋለሁ፣ ግን እንዳያሳስተን ያስፈልጋል፤ ሕንፃውን ያቆመው የባለሀብት ቤተሰቦችና የኩባንያዎች ገንዘብ ነው። ከሕፃናቱ ሳንቲም ይልቅ የተራውን ሰው ድርሻ የሚያሳየው የወቅት ትኬት፣ ማለትም የአንድ ወቅት ትርኢቶችን አንድ ላይ አስቀድሞ የሚገዙበት ትኬት፣ ሽያጩ ይመስለኛል። በአብዛኛው ሴቶች የሆኑ በጎ ፈቃደኞች በየመንደሩ ዞረው በሩ ሳይከፈት ከ20 ሺህ በላይ የወቅት ትኬት ሸጡ። ይህም ገና ያላዩትን ትርኢት ዋጋ አስቀድመው የከፈሉ ሰዎች ገንዘብ ነው፣ ከጋፍኒ ዱቤ ጋር ሲተያይ ዕዳው የተገለበጠበት መንገድ ነው።

ራልፍ ራፕሰን የነደፈው 1,441 መቀመጫ ያለው ቤት ግንቦት 7 ቀን 1963 በ«ሐምሌት» ተከፈተ። የግንባታ ገንዘብና የማንቀሳቀሻ ገንዘብ የተለያዩ መሆናቸውን መሥራቾቹ ቀድመው ስላወቁ ለመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጉድለት ከፎርድ ፋውንዴሽን ድጋፍ ይዘው ነበር የገቡት፤ ብዙ ኮሚቴዎች ይህን የሚያስታውሱት ሪባኑ ከተቆረጠ በኋላ ነው። በ2006 ቴአትሩ ዣን ኑቬል ወደነደፈውና 125 ሚሊዮን ዶላር ወደፈጀው በሚሲሲፒ ወንዝ ዳር ወዳለው ሕንፃ ሲዛወር 25 ሚሊዮኑን የሚኒሶታ ግዛት ሰጠ፣ የቀረው በአብዛኛው ከግል ለጋሾች መጣ። በ1963 የተዋጣበት ቤት ቅርስ ነውና ይጠበቅ የሚሉ ሰዎች ቢቃወሙም በዚያው ዓመት መጨረሻ ፈረሰ፤ ቦታውም ለዎከር የሥነ ጥበብ ማዕከል ተመለሰ።