«እሺ» አዎ ማለት አይደለም

አንድ የግል ክሊኒክ ለታካሚዎች እየደወለ ቀጠሯቸውን የሚያስታውስ ቦት፣ ማለትም በራሱ የሚያወራ ፕሮግራም፣ እንድሠራለት ጠየቀኝ። ቀላል መሰለኝ። ቦቱ ይደውላል፣ «ነገ ቀጠሮ አለዎት፤ ይመጣሉ?» ይላል፣ መልሱን ሰምቶ «ይመጣል» ወይም «አይመጣም» ብሎ ይመዘግባል። አለቀ።

ሰው ተኮር ዲዛይን የሚባለውን አላውቅም አልልም። አይ ኤስ ኦ 9241-210 የሚባል ዓለም አቀፍ ስታንዳርድ እንኳ አለው፤ በ2010 ወጥቶ በ2019 ተሻሽሏል፣ በፈረንጆቹ። ባጭሩ መጀመሪያ ተጠቃሚው ማን እንደሆነና በምን ሁኔታ እንደሚጠቀም እወቅ፣ ከዚያ ሥራ፣ ከሰዎቹ ጋር ፈትሽ፣ ካልሆነ ተመለስ ነው የሚለው። አንብቤዋለሁ። ግን የመጀመሪያውን ዘልዬ ኮድ ውስጥ ገባሁ። ኮድ አያሳፍርም፤ የሚያሳፍረው የማያውቁት ሰው አጠገብ ቁጭ ብሎ «ምን እያደረግሽ ነው?» ብሎ መጠየቅ ነው።

በመጀመሪያው ሳምንት ቦቱ «ይመጣል» ካላቸው ብዙዎቹ ቀሩ። ንግግር የሚለየው ሞዴል ተሳስቶ ይሆናል ብዬ ቅጂዎቹን አንድ በአንድ ሰማሁ። አልተሳሳተም። ሰዎቹ «እሺ» ብለዋል፣ ቦቱም «እሺ» ሰምቷል።

ያኔ ካርድ ክፍል ሄጄ ከምትደውለው ልጅ አጠገብ ሦስት ቀን ተቀመጥኩ።

«እማማ፣ ነገ ጠዋት 3 ሰዓት ነው። ማን ያመጣዎታል?» አለች። ይመጣሉ ወይ ብላ አልጠየቀችም። ወዲያ ማዶ ዝም አሉ። ቆይተው «እስቲ ልጄን ልጠይቀው» አሉ። ልጅቷ ስልኩን በመዳፏ ሸፍና ወደ እኔ ዞረች። «ይመጣሉ? ብላቸው እሺ ነው የሚሉኝ። እምቢ ማለት ይከብዳቸዋል።»

እሺ ማለት ሰምቻለሁ ነው። አንዳንዴ አመሰግናለሁ ነው፣ አንዳንዴም በቃ ስልኩን ዝጋው። ይሄን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ፤ እናቴን እሺ እያልኩ አይደል ያደግኩት? ለቦቱ የትኛው መልስ ምን ማለት እንደሆነ ስሰይም ግን «እሺ»ን አዎ፣ «እግዜር ካለ» እና «ኢንሻላህ»ን ደግሞ «አልተረጋገጠም» ብዬ መደብኩ። እግዜር ካለ ያሉት ግን አብዛኞቹ መጥተዋል፣ ያውም ከሰዓቱ ቀድመው።

የሰዓቱ ነገር የባሰ ነው። የክሊኒኩ ኮምፒውተር ቀጠሮ የሚይዘው በፈረንጅ ሰዓት ነው። ቦቱም ቁጥሩን እንዳለ አነበበው። የጠዋት 2 ሰዓት ቀጠሮ የነበራቸው አንድ አባት «በ8 ሰዓት» ተብለው ከቀኑ 8 ሰዓት መጡ፣ 6 ሰዓት ዘግይተው። ሐኪሙ ወጥቶ ነበር። አልተቆጡም። ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው «ስልኩ ነው እንዲህ ያለኝ» አሉ። ሀበሻ ሆኜ ይሄን መሳቴ እስካሁን ያናድደኛል። ስፈትሸው ሁሌ ብቻዬን፣ የኮምፒውተሩን ሰዓት እያየሁ ነበር።

ከዚያ ሰዓቱን አስተካከልኩ፣ ከፊቱም «ጠዋት» ወይም «ከሰዓት በኋላ» አስገባሁ። ጥያቄው «ከማን ጋር ይመጣሉ?» ሆነ። ባዶ «እሺ» ሲመጣ ቦቱ አይወስንም፤ ስሙ ልጅቷ ዝርዝር ውስጥ ይገባል፣ እሷ ትደውላለች። ሁሉንም «እርስዎ» ይላል፤ ወጣቶቹ ይስቃሉ፣ ይሳቁ። የክሊኒኩ ባለቤት ግን ቅር አለው። ቦቱን ያሠራው የልጅቷን ደሞዝ ለመቆጠብ ነበር። ሞዴሉ ስንት ቃል በትክክል ሰማ የሚለውን ሪፖርት ትቼ ስንት ሰው መጣ የሚለውን ሳሳየው ዝም አለ። ተስማማ ማለት አይደለም፤ እሱም «እሺ» ነው ያለኝ።

በመጨረሻው ቀን የልጅቷን ደብተር እንድታሳየኝ ለመንኳት። አንዳንድ ስሞች አጠገብ በቀይ እስክሪብቶ ነጥብ አለ። ምንድን ነው አልኳት።

«እነዚህ ብትደውልም ባትደውልም ይመጣሉ» አለች። «ቦቱ ባይደውልላቸው ጥሩ ነው። ከክሊኒክ ሲደወል ውጤታቸው የተበላሸ እየመሰላቸው ይደነግጣሉ።»