ለድህነት ጥናት የኮሌጅ ገንዘብ ያገኘሁት እንዲህ ነው

የኮሌጅ የምርምር ገንዘብ ትንሽ ነው፣ ድህነት ደግሞ ሰፊ ጉዳይ ነው። ፕሮፖዛሉን ስጽፍ ከሁሉ በላይ ያስጨነቀኝ ሁለቱን ማመጣጠን ነበር። "የዓለም ድህነት መንስኤዎች" ብዬ ብገባ ኮሚቴው "በዚህ ገንዘብ?" ይለኛል፣ ልክም ነው። ስለዚህ ጥያቄዬን አጠበብኩት፦ ገቢያቸው ከወር ወር የሚዋዥቅ ቤተሰቦች አንዴ ብቻ ሲጠየቁ ድህነታቸው በትክክል ይለካል ወይ?

ከዚያ በነፃ የሚገኝ ዳታ ፈለግን። የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ1980 የጀመረው የኑሮ ደረጃ መለኪያ ጥናት የብዙ አገሮችን የቤተሰብ መረጃ ይዟል፣ አብዛኛውንም ተመዝግቦ ማውረድ ይቻላል። ከተማሪዬ ጋር ቁጭ ብለን አገላበጥነው። ያለውን ስላወቅን ከኮሌጁ የጠየቅነው የጎደለውን ለመሰብሰብ ብቻ ሆነ። ኮሚቴውን ያሳመነው ይሄ ይመስለኛል።

የትኛውን የድህነት ወለል፣ ማለትም ከእሱ በታች የሚኖር ሰው ድሃ የሚባልበትን የገንዘብ መጠን፣ እንደምትጠቀሙም በግልጽ ጻፉ። የዓለም ባንክ በሰኔ 2025 እ.ኤ.አ. በቀን 2.15 ዶላር የነበረውን ወደ 3 ዶላር ከፍ አድርጎታል፣ ወለሉ ሲቀየር ድሃ የሚባለው ሰው ቁጥርም አብሮ ይቀየራል።

በጀት ላይ እያንዳንዱን ወጪ ከአንድ ሥራ ጋር አያያዝኩት፦ የጠያቂዎች አበል፣ ትራንስፖርት፣ የመጠይቁ ትርጉም፣ ትርጉሙን የሚያጣራ ሌላ ሰው፣ ለተጠያቂዎች የጊዜ ካሳ። በመጨረሻው አልደራደርም። የቀን ሥራ ሠርቶ የሚያድር ሰው አንድ ሰዓት ሲሰጠን ከገቢው ላይ ቀንሶ ነው። ግን ካሳው ሰውን ሳይወድ እንዲሳተፍ የሚገፋም መሆን የለበትም፣ የሥነ ምግባር ኮሚቴውም ይሄን ይጠይቃል። የእነሱን ፈቃድ ከፈንዱ ማመልከቻ ጋር ጎን ለጎን ጀምሩት፣ አለበለዚያ ገንዘቡ ተለቆ እናንተ ፈቃድ ትጠብቃላችሁ።

ተማሪን በተመለከተ ደግሞ፣ እባካችሁ ዳታ አስገቢ ብቻ አታድርጉት። መጠይቁን ስንሞክር "ባለፈው ወር ገቢዎ ስንት ነበር?" የሚለው ላይ ሰው ሁሉ ዝም ይል ነበር። ተማሪዬ "ባለፉት 7 ቀናት ምን ምን ሠሩ? ለእያንዳንዱስ ስንት ተከፈለዎት?" ብለን እንቀይረው አለች። አንዲት እናት በጣቶቻቸው እየቆጠሩ ልብስ ያጠቡበትን፣ ዕቃ የተሸከሙበትን፣ ሥራ ያጡበትን ቀን ሁሉ ነገሩን። ጥናቱን መስመር ያስያዘው ይሄ የእሷ ሐሳብ ነው፣ ስሟም በጽሑፉ ላይ እንደ ደራሲ ገብቷል።

አንድ ነገር ልጨምር፦ ውጤቱን ለተጠያቂዎቹ ተመልሶ ለማስረዳት የሚሆን ገንዘብ ከመጀመሪያው በጀቱ ውስጥ አስገቡ። መጨረሻ ላይ ከየትም አይገኝም።