ከድርጊቱ ጀርባ ያለው ተራራ

እ.ኤ.አ. በጁላይ 2018 አንድ ዘግናኝ ቪዲዮ በማኅበራዊ ሚዲያ ተሰራጨ። የወታደር ልብስ የለበሱ ሰዎች ሁለት ሴቶችንና ሁለት ሕፃናትን በአቧራማ መንገድ እየነዱ ወስደው፣ ዓይናቸውን ከሸፈኑ በኋላ በጥይት ሲገድሏቸው ያሳያል። አንዳንዱ ድርጊቱ የተፈጸመው ማሊ ውስጥ ነው ሲል ሌላው ካሜሩን ነው ይል ነበር፤ የካሜሩን መንግሥት ደግሞ ነገሩን የሐሰት ዜና ነው ብሎ አጣጣለው። ጥያቄውን በመጀመሪያ የፈታው የገዳዮቹ ፊት ሳይሆን ከበስተጀርባቸው የሚታየው ተራራ ነበር።

አፍሪካ አይ የተባለው የቢቢሲ የምርመራ ክፍል ጋዜጠኞች ከሌሎች የምስል መርማሪዎች ጋር ሆነው፣ በቪዲዮው የመጀመሪያ 40 ሰከንዶች የሚታየውን የተራራ ሰንሰለት ቅርጽ ከሳተላይት ካርታ ጋር አመሳከሩና ቦታው በካሜሩን ሰሜናዊ ጫፍ፣ ዘለቬት ከተባለች ከተማ አጠገብ መሆኑን ደረሱበት። ቀኑንም ያገኙት ማንም ልብ ከማይላቸው ነገሮች ነው። በምስሉ ላይ ያለ አንድ ቤት ከፌብሩዋሪ 2016 በኋላ በሳተላይት ምስሎች ላይ አይገኝም፤ የአንድ ግቢ አጥር በኖቬምበር 2014 ገና አልተሠራም ነበር፤ ሰዎቹ የሚሄዱበት የእግር መንገድም ጎልቶ የሚወጣው በደረቁ ወራት ብቻ ነው። በመጨረሻም የወታደሮቹን ጥላ ርዝመትና አቅጣጫ ለክተው፣ ግድያው የተፈጸመው ከማርች 20 እስከ ኤፕሪል 5 ቀን 2015 ባለው ጊዜ ውስጥ መሆኑን አሰሉ። ቪዲዮውን ሐሰት ያለው መንግሥት ኋላ ላይ ሰባት ወታደሮችን ማሰሩን አስታወቀ፤ በ2020ም ወታደራዊ ፍርድ ቤት አራቱን በ10 ዓመት እስራት ቀጣ።

ያንን ቪዲዮ የቀረጸው ተራ ዜጋ ሳይሆን ከገዳዮቹ ጋር የነበረ ሰው ነው። ቢሆንም ስልኩን አውጥቶ ግፍን ለመመዝገብ ለሚነሣ ማንኛውም ሰው ከዚህ የተሻለ ትምህርት አላውቅም። ሰው ሲደበደብ ያየ ዓይን ወደ ዱላው ይሄዳል፤ ካሜራውም ዓይኑን ተከትሎ ይጠጋል። ምስሉ በተጠጋ ቁጥር ልብን ይነካል፣ ግን ከቦታውና ከሰዓቱ እየተነጠለ ይሄዳል፤ ካጋሩትም በኋላ “ይህ የት ነው? መቼ ነው?” የሚል ተጠራጣሪ ሲመጣ የሚመለስለት ነገር ይታጣል።

ምስል ራሱ ይናገራል የሚለውን እምነት ከሁሉ በላይ የፈተነው፣ በዘመናችን የዜጎች ቪዲዮ ታሪክ መነሻ ተደርጎ የሚነገረው ጉዳይ መሆኑ ያስገርማል። እ.ኤ.አ. ማርች 3 ቀን 1991 ሌሊት አንድ የሎስ አንጀለስ ነዋሪ፣ ፖሊሶች ሮድኒ ኪንግ የተባለ ጥቁር አሜሪካዊን ሲደበድቡ ከቤቱ በረንዳ ላይ ሆኖ በቪዲዮ ካሜራ ቀረጸ። ዓለም ሁሉ አየው። በተከታዩ ዓመት ግን የፖሊሶቹ ጠበቆች ያንኑ ቪዲዮ ፍርድ ቤት ውስጥ እያዘገሙና እያቆሙ፣ እያንዳንዱ ምት ተደብዳቢው ላደረገው እንቅስቃሴ የተሰጠ ምላሽ ነው ብለው ተረኩት፤ የፍርድ ጉባኤውም በአብዛኞቹ ክሶች ፖሊሶቹን ነጻ አወጣ። ሁለቱ ጥፋተኛ የተባሉት በ1993 በፌዴራል ክስ ነው። ከድብደባው በኋላ፣ በ1992፣ ሙዚቀኛው ፒተር ጋብርኤል ከሌሎች ጋር ሆኖ ካሜራን በመብት ተሟጋቾች እጅ ለማስገባት ዊትነስ የተባለውን ድርጅት መሠረተ። ድርጅቱ ዛሬ የሚታወቀው ካሜራ በማደል ሳይሆን ሰዎች እንዴት ቢቀርጹ ምስላቸው ለማስረጃ እንደሚበቃ በማሠልጠን ነው፤ ካሜራ መያዝ ብቻውን እንደማይበቃ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር ያለ አይመስለኝም።

በአሜሪካዋ ከተማ በሚኒያፖሊስ እ.ኤ.አ. ሜይ 25 ቀን 2020 ጥቁር አሜሪካዊው ጆርጅ ፍሎይድ አንገቱ በፖሊስ ጉልበት ተጭኖ ሲገደል፣ የከተማዋ ፖሊስ የመጀመሪያ መግለጫ ሰውየው በጤና ችግር እንደሞተ የሚያስመስል ነበር። መግለጫውን ያፈረሰው የ17 ዓመት ወጣት በስልኳ የቀረጸችው ቪዲዮ ነው። ብዙዎች ስለ ድፍረቷ ተናግረዋል፤ ይገባታልም። እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን ምንም ሳትቆርጥ በአንድ ቦታ ቆማ መቅረጿ ነው፤ የፖሊሱ ጉልበት ምን ያህል ጊዜ እንደቆየ፣ በዙሪያው የነበሩት ሰዎች ምን ብለው እንደለመኑ ሁሉ በቅደም ተከተል ይገኛል። ኋላም ራሷ ቀርባ መስክራለች፣ ፖሊሱም በኤፕሪል 2021 ጥፋተኛ ተባለ።

እንግዲህ አንድ ሰው መቅረጽ ከቻለ፣ ከራሱ ደኅንነት ቀጥሎ ሊያስብበት የሚገባው እጅን ማረጋጋትና አለመቸኮል ነው። ድርጊቱን ከያዙ በኋላ ካሜራውን ሳያጠፉ ቀስ ብሎ ዙሪያውን ማሳየት፣ ምልክት የሚሆን ሕንፃ፣ የመንገድ ስም፣ የተራራ ጫፍ ወይም የመኪና ታርጋ ላይ ጥቂት ሰከንዶች መቆየት፣ የሚያስፈራ ነገር ከሌለ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ቦታውን በድምፅ መናገር። አስተያየትና እርግማን ባይጨመርበት ይመረጣል፤ ቁጣው ይገባኛል፣ ግን በስፍራው የተሰማውን ድምፅ ይሸፍነዋል።

ፋይሉ ላይ የሚደርሰው ጥፋት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከቀረጻው በኋላ የሚመጣ ነው። ስልክ ቪዲዮን ሲያስቀምጥ የተቀረጸበትን ቀንና ሰዓት፣ አንዳንዴም ቦታውን አብሮ ይመዘግባል። ያው ቪዲዮ በዋትስአፕ እንደ ተራ ቪዲዮ ሲላክ ግን ተጨምቆ ጥራቱ ይወርዳል፣ አብሮት የነበረው መረጃም ይጠፋል፤ እንደ ሰነድ ሲላክ ነው በአብዛኛው እንዳለ የሚደርሰው። ሙዚቃ የተጨመረበት፣ ጽሑፍ የተለጠፈበትና የተቆራረጠ ቅጂ ለማጋራት ይመች ይሆናል፤ ዋናው ፋይል ግን ሳይነካ ሌላ ቦታ መቀመጥ አለበት።

ጉዳዩን ከባድ የሚያደርገው፣ ለማስረጃ የሚጠቅመው ዝርዝር ሁሉ ሰውን ለማጋለጥም የሚጠቅም መሆኑ ነው። ቦታውን የሚያረጋግጠው በር የአንድ ቤተሰብ በር ነው፤ ሰዓቱን የሚመሰክረው ሰው ነገ የሚፈለግ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 በኢራን ከምርጫ በኋላ በተነሣው ተቃውሞ ወቅት ለአገዛዙ ቅርብ የሆነ ድረ ገጽ የሰልፈኞችን ፎቶግራፍ አውጥቶ ሕዝቡ ማንነታቸውን እንዲጠቁም ጠይቆ ነበር። ዩቲዩብ ፊትን የሚያደበዝዝ መሣሪያ ያቀረበው በ2012 ነው፤ ዛሬ በስልክ ላይ የሚሠሩ ሌሎችም አሉ። ፊት ተደብዝዞ ድምፅ፣ ልብስና አካሄድ እንዳለ ከቀረ ግን ጎረቤት ማንነቱን ለመለየት አይቸገርም። ስለዚህ ለእኔ ትክክል የሚመስለኝ ሁለት ቅጂ መያዝ ነው፤ ለአደባባይ የሚወጣው የተሸፈነው፣ ለመርማሪና ለፍርድ ቤት የሚቆየው ደግሞ ያልተነካው።

ጋዜጠኞችን በተመለከተ ቅሬታ አለኝ። ከማኅበራዊ ሚዲያ የወረደ ቪዲዮ “ከማኅበራዊ ሚዲያ የተገኘ” ተብሎ ብቻ ሲቀርብ፣ ማን እንደቀረጸው ተፈልጎ እንዳልተጠየቀ እገምታለሁ። ቀራጩን ማግኘት ለመብቱ ብቻ አይደለም፤ የት ቆሞ እንደነበር፣ ከመጀመሩ በፊት ምን እንዳየ፣ ስሙ እንዲጠቀስ ይፈልግ ወይም ይፈራ እንደሆነ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። የሟቾችን ፊት ቤተሰብ ሳይሰማ ማሳየትም ለእውነት የሚጨምረው ነገር የለም።

ቪዲዮን ዩቲዩብ ላይ ሰቅሎ ተቀምጧል ማለትም ያታልላል። እ.ኤ.አ. በ2017 ኩባንያው ጽንፈኛ ይዘትን በራሱ ለይቶ የሚያነሣ ሥርዓት ሥራ ላይ ሲያውል፣ የሶርያ ጦርነትን የመዘገቡ እጅግ ብዙ ቪዲዮዎች አብረው ተነሡ፤ ሲሪያን አርካይቭን የመሰሉ ስብስቦች ቀድመው ቅጂ ባያስቀምጡና ባይሟገቱ ኖሮ ብዙው ጠፍቶ ይቀር ነበር። በዚያው ዓመት በኦገስት ወር ነበር ዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት፣ በቤንጋዚ የተፈጸሙ ግድያዎችን በሚያሳዩ ቪዲዮዎች ላይ በእጅጉ ተመሥርቶ በሊቢያዊው አዛዥ በማህሙድ አል ወርፋሊ ላይ የእስር ማዘዣ ያወጣው። አንዱ ተቋም እንደ ቆሻሻ የሚጠርገውን ሌላው እንደ ማስረጃ ይሰበስባል።

በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተፈበረኩ ቪዲዮዎች ከመጡ ወዲህ ደግሞ “ሐሰት ነው” ማለት ለአጥፊ ቀላል ሆኗል፤ በእውነት የተቀረጸውንም በዚሁ ቃል ማጣጣል ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2020 የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብቶች ጽሕፈት ቤትና በበርክሌይ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የሰብዓዊ መብቶች ማዕከል ያወጡት የበርክሌይ ፕሮቶኮል፣ መርማሪዎች እንዲህ ያለውን ማስረጃ እንዴት እንደሚሰበስቡ፣ እንደሚያረጋግጡና እንደሚጠብቁ ደንብ አስቀምጧል። ደንቡ ለባለሙያ የተጻፈ ነው። ከመንገድ ላይ ለሚቀርጸው ሰው ግን ከዚህ ሁሉ ቀድሞ የሚጠቅመው ሌላ ሰው በሌላ አቅጣጫ ቆሞ ያንኑ ድርጊት እየቀረጸ ከሆነ እሱን ማነጋገር ነው፤ አንድን ቪዲዮ መፈብረክ ቀላል ሊሆን ይችላል፣ ከሁለት ማዕዘን ተቀርጸው ጥላቸው፣ ድምፃቸውና ሰዓታቸው የሚገጥሙ ሁለት ቪዲዮዎችን ግን ሐሰት ብሎ ማለፍ እጅግ ይከብዳል።