ግሊቬክ፣ ጠዋት የሚያብጠው ዓይናችንና ለዶክተሩ የማንነግረው ነገር

ይሄን የምጽፈው ሲኤምኤል የሚባለው የደም ካንሰር ተገኝቶባችሁ ግሊቬክ የሚባለውን ኪኒን ለጀመራችሁ ነው፣ ወይ ደግሞ እናታችሁ ወይ ወንድማችሁ ጀምሮ ቤት ውስጥ ግራ ለገባችሁ። ክትትል ስንሄድ ወረፋ ላይ የምናወራውና ዶክተሩ ጋ ገብተን የምንናገረው ለየቅል ነው። ውጪ "ሌሊት ባቴን ሊገነጥለው ነው"፣ "ጠዋት ዓይኔ አልከፈት አለኝ" እንባባላለን፣ ውስጥ ስንገባ ግን "ተመስገን ደህና ነኝ" ብለን ኪኒናችንን ተቀብለን እንወጣለን። ይሄ በጣም ነው የሚያስጨንቀኝ፣ ምክንያቱም ያልተናገረ ሰው ቀስ በቀስ ኪኒኑን መዝለል ይጀምራል፣ ዛሬ ሰርግ ስላለ ነገ ደግሞ መንገድ ስለምሄድ እያለ።

መጀመሪያ መድኃኒቱ ምን እንደሚሰራ ልንገራችሁ፣ እኔ ይሄን ካወቅኩ በኋላ ነው ሳይድ ኢፌክቱን መፍራት የቀነስኩት። በኛ በሽታ 9ኛውና 22ኛው ክሮሞዞም ቁራጭ ይለዋወጡና ፊላደልፊያ ክሮሞዞም የሚባለው ይፈጠራል፣ ስሙ በ1960 እ.ኤ.አ. ከተገኘበት ከተማ ነው። ከዛ የሚመጣው ፕሮቲን በርቶ እንደቀረ ማብሪያ ማጥፊያ ነው፣ መቅኔው ነጭ የደም ሴል ያለማቋረጥ እንዲያመርት ያደርገዋል፣ ጣፊያ የሚያብጠውም ለዛ ነው። ግሊቬክ፣ በመድኃኒት ስሙ ኢማቲኒብ፣ ሄዶ ያንን ፕሮቲን ይዘጋል። አሜሪካ ውስጥ በ2001 ነው የተፈቀደው፣ እዚህ እኛ ጋ ደግሞ ጥቁር አንበሳ ማክስ ፋውንዴሽን በሚባል የእርዳታ ድርጅት በኩል በነፃ ሲሰጥ ብዙ ሰው አትርፏል፣ ይሄን ሳስብ ሁሌም አመሰግናለሁ።

ችግሩ መድኃኒቱ ያንን አንድ ፕሮቲን ብቻ ነክቶ አይተውም። ኪት እና ፒዲጂኤፍአር የሚባሉ ሌሎች ፕሮቲኖችንም ይነካል፣ ዓይን ማበጡም ቆዳ መቅላቱም በአብዛኛው ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። ስለዚህ ዓይናችሁ ሲያብጥ "ኩላሊቴ ሄደ" ብላችሁ አትደንግጡ፣ በጣም የተለመደ ነው። ሰውነት ውሃ ይይዛል፣ ስንተኛ ዓይን ዙሪያ ይጠራቀማል፣ ቀን ስንንቀሳቀስ ይቀንሳል። ጨው መቀነስ ይረዳል፣ እኛ ቤት ሽሮው ላይ ወጡ ላይ ጨው እንዴት እንደሚደረግ ታውቃላችሁ፣ እናቴን ለማሳመን ብዙ ጊዜ ፈጅቷል አሁን ግን የኔን ለብቻ ቀንሳ ታወጣልኛለች። ትራስ ከፍ አድርጎ መተኛትም ጥሩ ነው። ካልቀነሰ ዶክተሩ ውሃ የሚያስወጣ መድኃኒት ሊያዝ ይችላል፣ ከጎረቤት ተቀብላችሁ ግን አትዋጡ።

ስለ ቆዳው ልመለስ። የቆዳ ቀለም የሚሰሩት ሴሎች ኪት የሚባለውን ፕሮቲን ይፈልጋሉ፣ ስለዚህ እንደኛ ጠቆር ያለ ሰው ላይ ለውጡ በደንብ ይታያል። ሰው "ውይ ቀላሽ፣ ምን ተቀባሽ፣ አማረብሽ" ይለኛል፣ የሚያውቁኝ ደግሞ ፀጥ ብለው ያዩኛል። ብዙዎቻችን ይሄን ለሐኪም አንናገርም፣ ስለ መልክ ማውራት ቅብጠት ስለሚመስለን። ግን ተናገሩት፣ ያስጨነቃችሁ ነገር ትንሽ አይደለም። ጉዳት የለውም፣ መድኃኒቱ ሲቆም አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል፣ እስከዛው ግን ቆዳው ለፀሐይ ስስ ስለሚሆን ጃንጥላ ወይ ነጠላ ጣል ማድረግ ነው።

ማቅለሽለሹን በተመለከተ ደግሞ ዋናው አወሳሰዱ ነው። በባዶ ሆድ በጭራሽ አትውሰዱት፣ በቀኑ ትልቁ ምግብ መሃል ወይ ወዲያው እንደጨረሳችሁ በትልቅ ብርጭቆ ውሃ፣ ከዛ ቶሎ ጋደም አትበሉ፣ ጨጓራና ጉሮሮ ያቃጥላል። ምሳ ላይ የሚመቸው አለ፣ እኔ ማታ ከእራት ጋር ነው የምወስደው ግን ሳልተኛ ሁለት ሰዓት ያህል ቁጭ እላለሁ። መዋጥ ያቃተው ሰው ውሃ ውስጥ አሟሙቶ ወዲያው መጠጣት ይችላል። ከወሰዳችሁ በኋላ ካስመለሳችሁ ሌላ አትድገሙ፣ የረሳችሁት ቀን ካለም በማግስቱ ደርባችሁ አትውሰዱ።

ፆም ላይ ሁሌ ጥያቄ ይነሳል። መድኃኒቱ ለአብዛኞቻችን በቀን አንዴ 400 ሚሊግራም ስለሆነ እስከ 9 ሰዓት የሚፆም ሰው ከሚፈታበት ምግብ ጋር ሊወስደው ይችላል፣ ሙስሊም ጓደኞቼም ረመዳን ላይ ኢፍጣር በልተው ነው የሚወስዱት። ቁምነገሩ በየቀኑ ሰዓቱ እንዳይዛነፍና ሆድ ባዶ እንዳይሆን ነው። ሰውነታችሁ ሲደክም ግን ለንስሐ አባታችሁ ንገሩ፣ የታመመ ሰው በግድ ይፁም የሚል አባት እኔ አላጋጠመኝም። ጠበልም እንደዛው፣ እኔ እጠመቃለሁ አምናለሁም፣ ግን ጠበል ቦታ "መድኃኒቱን ጣይው" የሚል ሰው ሲመጣ እምነቴ የሚጠይቀኝ ይሄ እንዳልሆነ አውቃለሁ። አቡነ ጳውሎስ እንኳን በሕይወት እያሉ የኤችአይቪ መድኃኒትና ጠበል አብሮ እንደሚሄድ በአደባባይ ተናግረዋል።

የባት መሸማቀቅ የሚበዛው ሌሊት ነው፣ ሲይዛችሁ የእግር ጣታችሁን ወደራሳችሁ ሳቡ ወይም ተነስታችሁ ተረከዛችሁን መሬት ላይ ተጫኑ። ቀን ውሃ መጠጣትና ከመተኛት በፊት እግር ማፍታታት ይረዳል፣ ከበዛ ዶክተሩ ፖታሲየም ካልሲየም ማግኒዚየም ምናምን በደም ምርመራ አይቶ የጎደለውን ይሰጣል። ተቅማጥ ሲመጣ ደግሞ ሁሉም ሰው አሜባ ነው ብሎ ፋርማሲ ይሮጣል፣ አሜባም ሊሆን ይችላል መድኃኒቱም ሊሆን ይችላል፣ የሰገራ ምርመራ አድርጋችሁ ለዩት።

አሁን ወደማይታየው። በተለይ በመጀመሪያዎቹ ወራት የደም ሴሎች በጣም ሊወርዱ ይችላሉ፣ ሲቢሲ የሚባለው የደም ሴል ቆጠራ ቶሎ ቶሎ የሚታዘዘው ለዛ ነው፣ "ትናንት ሰጥቼ ዛሬም ደም" ብላችሁ እንዳትቀሩ። ኒውትሮፊል (ኢንፌክሽን የሚከላከለው ነጭ የደም ሴል) ከ1,000 ወይ ፕላትሌት (ደም እንዲረጋ የሚያደርገው) ከ50,000 በታች ሲወርድ ሐኪሙ መድኃኒቱን ለጊዜው ያቆምና ሲመለስ ያስጀምራል። ይሄን የሚወስነው ሐኪሙ ነው። ጉበትም በየጊዜው ይታያል፣ ስለዚህ ሌላ መድኃኒት ስትጀምሩ ቀድማችሁ ተናገሩ። የቲቢው ሪፋምፒሲን የግሊቬክን አቅም በጣም ያወርደዋል፣ አንቲባዮቲኩ ኢሪትሮማይሲንና የፈንገሱ ኬቶኮናዞል ደግሞ ደም ውስጥ ያለውን መጠን ከፍ ያደርጉታል፣ ግሬፕፍሩትም እንደዛው። ፓራሲታሞልን አታብዙት፣ ፕላትሌት በወረደበት ሰዓት ደግሞ ዳይክሎፌናክ የመሳሰሉትን የሕመም ማስታገሻዎች አትንኩ፣ ደም ሊያፈሱ ይችላሉ። የባህል መድኃኒት የምትወስዱም ሳታፍሩ ንገሩ፣ ጉበት የሚጎዳ ዓይነት አለ።

ለምን ይሄን ሁሉ እንደምዘበዝብ የምትሉ ካላችሁ፣ ለንደን ውስጥ 87 ታማሚዎች ላይ ተሰርቶ በ2010 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት አለ። የኪኒን ጠርሙሱ ክዳን ስንቴ እንደተከፈተ በሚቆጥር መሣሪያ ነው የተከታተሏቸው። ከታዘዘላቸው ከ90 በመቶ በላይ የወሰዱት ውስጥ በሽታው በሞለኪውል ምርመራ በጣም ዝቅ የማለት ዕድሉ በ6 ዓመት 94.5 በመቶ ሲሆን 90 በመቶና ከዛ በታች የወሰዱት ላይ 28.4 በመቶ ብቻ ነው። አስር በመቶ ማለት እኮ በወር 3 ቀን መዝለል ነው! ደህና እየመሰለን፣ የጣፊያችን እብጠት ጠፍቶ፣ ሲቢሲያችን አምሮ ማለት ነው። ስለዚህ ሳይድ ኢፌክቱ ሲያስመርራችሁ በድብቅ ከመዝለል ሄዳችሁ ተናገሩ፣ መጠን ማስተካከል አለ፣ ካልሆነም ኒሎቲኒብና ዳሳቲኒብ የሚባሉ ሌሎች መድኃኒቶች አሉ።

ልጅ የምታስቡ እህቶቼ፣ ግሊቬክ ፅንስ ሊጎዳ ስለሚችል እየወሰዳችሁ እርግዝና እንዳይፈጠር መከላከያ ያስፈልጋል፣ መውለድ ከፈለጋችሁ ደግሞ ኪኒኑን ደብቃችሁ አቁማችሁ አትሞክሩት፣ ቀድማችሁ ለሐኪማችሁ ንገሩና አብራችሁ አቅዱት። ባልሽም አብሮሽ ይግባ፣ አማትሽ ለምን ዘገየሽ ስትልሽ መልስ የሚሰጥ ሰው ያስፈልግሻል።

በመጨረሻ ቀጠሮ የማይጠበቅባቸው፦ ትኩሳት 38 ከደረሰ፣ በጥቂት ቀን ውስጥ ክብደት በጣም ከጨመረ፣ ትንፋሽ ካጠረ፣ ድድ ወይ አፍንጫ ደም አልቆም ካለ፣ ሰገራ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ ዓይን ቢጫ ከሆነ። በዛው ቀን ሂዱ፣ ድንገተኛ ክፍል ስትገቡም ግሊቬክ እንደምትወስዱ አስቀድማችሁ ንገሩ፣ የኪኒኑን ፓኮ ይዛችሁ ብትሄዱ ደግሞ የበለጠ ነው።