ውሃ ቆጥቡ ሲሉን

ሰሞኑን ደብሮኛል። ለምን ብባል አንድ ምክንያት ነጥዬ ማውጣት አልችልም። መጋቢት ተጋምሷል፤ ሰማዩ ግን ጠርቶ ቁጭ ብሏል። ነፋሱ ከንፈር ይሰነጥቃል። አቧራው በተዘጋ መስኮት ሳይቀር ይገባል። በልጉ ቀረ። ከገጠር ለገበያ የሚወጡት ሰዎች ሰላምታቸው እንኳ አጥሯል። «እናንተ ጋ ጠብ አለ?» «ኧረ ምኑ!» በቃ፤ ከዚያ ዝም ነው።

እንዲህ ሆኜ ሳለሁ ነው ሞንታርቦ የጫነች መኪና በሰፈራችን ያለፈችው። ድርቅ ነውና ውሃ ቆጥቡ ትላለች። ጥርስ ስትቦርሹ ቧንቧ ዝጉ። የሚያንጠባጥበውን አስጠግኑ። የልብስ እጣቢ ዝም ብላችሁ አትድፉ። መኪና በጎማ አትጠቡ። የዝናብ ውሃ ከጣሪያ አጠራቅሙ። ምክሩ ክፋት የለውም። ግን መኪናዋ ስትደርስ እኛ ቦኖው ጋ ተሰልፈን ነበር። ቦኖው ደግሞ አልተከፈተም። ፈረቃው የእናንተ ነው ተብለን በጠዋት ወጥተን፣ ጀሪካን ደርድረን፣ ግማሻችን ጥላ ሥር ተቀምጠን እየጠበቅን ነው።

መጀመሪያ ሁሉም ዝም አለ። ከዚያ አንዱ ጎረምሳ «ይምጣና እንቆጥበዋለን!» ብሎ ጮኸ። ሳቅ ሆነ። አንዷ «የኔ ቧንቧ ካንጠባጠበማ ለማርያም ጧፍ አገባለሁ» አለች። አሁንም ሳቅ። አንድ ሽማግሌ ግን ተቆጡ። «ሰማዩን የዘጋው ፈጣሪ ነው፤ እግዚኦ ማለት ሲገባን ስለ ቧንቧ ያወራሉ» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ቤተ ክርስቲያኑ እግዚኦታ ላይ ነው፣ ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም ለዝናብ ሜዳ ወጥተው ሰግደዋል።

እማማ ወ. አልሳቁም፤ አልተቆጡምም። «ይሄ ልጅ ለኛ ነው የሚነግረን?» አሉ። መኪናዋ ያን ጊዜ ታጥፋ ሄዳለች። የተናገሩትም ለማንም አልነበረም። ይቺ ጥያቄ ግን እኔ ጋ ቀረች።

ለኛ ነው ወይ? እማማ ወ. ቤት እኮ ውሃ ሁለትና ሦስት ጊዜ ሳይሠራ አይደፋም። ምስር ሲታጠብ የመጀመሪያው እጣቢ ለበጎቹ ይቀመጣል። ሁለተኛው ጠራ ያለው ድስት ይዘፈዘፍበታል። ዕቃ በሦስት ሳፋ ነው የሚታጠበው። የመጨረሻው ማለቅለቂያ ለነገ የመጀመሪያ ማጠቢያ ሆኖ ያድራል። ልጆቹ ፊታቸውን የሚታጠቡት ሳፋ ላይ ጎንበስ ብለው ነው። በዚያው ውሃ ማታ እግር ይታጠቡበታል። ከእግር የተረፈውን ደግሞ ጠዋት ወለሉ ከመጠረጉ በፊት አቧራ እንዳይነሳ ይረጩታል። ጀሪካን ሥር የሚቀረው ዝቃጭ እንኳ ባለቤት አለው። ደጃፉ ላይ ጣሳ ውስጥ የተተከለች ጤና አዳም አለች፤ የሷ ነው።

እንግዳ ሲመጣ እጅ የሚያስታጥቡበትን መንገድ ብታዩት! ጆጉን በጣም ቀስ አድርገው ያዘነብላሉ። የሚወርደው ውሃ ክር ያህላል። በዚያች ክር ሁለት እጅ እስከ አንጓው ድረስ ይጸዳል። ይህን ማንም በስልጠና አላስተማራቸውም። እንስራ ተሸክመው ቁልቁለት ሲወርዱ፣ ዳገት ሲወጡ ያደጉ ሴት ናቸው።

ምክሩን ላጣጥል አይደለም። ማታ ቁጭ ብዬ አሰላሁት። በየሰከንዱ አንድ ጠብታ የሚጥል ቧንቧ በቀን 20 ሊትር ገደማ ያፈሳል። አንድ ጀሪካን ማለት ነው። እማማ ወ. ለአንድ ጀሪካን ግማሽ ቀን ይቆማሉ። አንድ ቢሮ ውስጥ፣ ወይ የአንድ ትልቅ ቤት መጸዳጃ ውስጥ እንዲህ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ካለ የሳቸው ግማሽ ቀን እዚያ እየፈሰሰ ነው። የጣሪያውም ነገር ልክ ነው። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ 1 ሊትር ይሆናል። 40 ካሬ ጣሪያ ያለው ሰው 10 ሚሊ ሜትር በጣለ ቀን እስከ 400 ሊትር ይይዛል፤ አሸንዳና በርሜል ካለው። አሸንዳና በርሜል መግዣውን ከየት ያመጣዋል? ይሄን መኪናዋ አልተናገረችም።

የገረመኝ ደግሞ ምን መሰላችሁ? ከምክሩ በኋላ ሰልፉ ረዘመ። «እንዲህ የሚሉት ሊያጠፉብን ቢሆን ነው» የሚል ወሬ ወዲያው ተነሳ። የታ. እናት ሮጣ ቤቷ ገብታ ዘይት የመጣበትን ጀሪካን ሳይቀር ይዛ ተመለሰች። ከጎረቤትም ተዋሰች። እኔም ልጄን ልኬ ተጨማሪ አስመጣሁ። ቆጥቡ የተባለ ሰፈር ባዶ ዕቃ ፍለጋ ተተራመሰ። ሰው ስግብግብ ሆኖ አይመስለኝም። ነገ ይመጣል ተብሎ ብዙ ጊዜ የቀረበት ሰው ዛሬ የቻለውን ይቀዳል። ፈረቃው በተባለበት ቀን ቢመጣ ኖሮ ይሄ ሁሉ ሩጫ አይኖርም ነበር። እኔ እንደማስበው ከሁሉ በላይ ውሃ የሚያስቆጥበው ቃሉን የሚጠብቅ ፈረቃ ነው።

ስለ ኬፕታውን ያነበብኩት ትዝ አለኝ። ሦስት ዓመት ተከታትሎ ክረምቱ ከዳቸውና ግድቦቻቸው ሊደርቁ ደረሱ። በ2010 ዓ.ም. ለአንድ ሰው በቀን 50 ሊትር ብቻ ተብሎ ተወሰነ። ቧንቧ የሚዘጋበት ቀን «ዜሮ ቀን» ተብሎ ስም ወጣለት። እዚያም ሰው መጀመሪያ አጉረመረመ። ገንዘብ ያለው በግቢው ጉድጓድ አስቆፈረ። ሌላው ምንጭ ዳር ተሰለፈ። እያደር ግን የከተማው ፍጆታ ከድርቁ በፊት ከነበረው ከግማሽ በታች ወረደ፤ ዝናቡም መጣ፤ ዜሮ ቀንም ሳይደርስ ቀረ። ትልቅ ሥራ ነው፤ አደንቃቸዋለሁ።

ግን 50 ሊትሩን ወደ ጀሪካን መነዘርኩት። ለአንድ ሰው ሁለት ተኩል ጀሪካን ነው። አምስት ሰው ባለበት ቤት አሥራ ሁለት ተኩል። ሰርግ ወይም ተዝካር ካልሆነ በቀር በአንድ ቀን ይህን ያህል ውሃ የሚገባበት ቤት በሰፈራችን አላውቅም። በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ለገጠሩ ሰው የታሰበው በ1 ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ በቀን 25 ሊትር ነበር። የነሱ የጭንቅ ቀን ራሽን የገጠራችን ዕቅድ እጥፍ ነው። ታዲያ ይሄን እያወቅሁ እማማ ወ.ን ምን ቀንሱ ልበላቸው? የእግር መታጠቢያውን? የጤና አዳሟን?

እዚያ ኬፕታውንም ቢሆን በጋራ ቧንቧ የሚቀዱት የድሃ ሰፈሮች ድሮም ጥቂት ነበር የሚጠቀሙት። ቁጥሩ በብዛት የወረደው መዋኛ ያላቸው፣ ሣር የሚያጠጡት ሲቀንሱ ነው። ቁጠባ ከትርፍ ላይ ይጀመራል። ትርፉ ያለው የት ነው ብሎ መጠየቅ ነውር መሆን የለበትም።

የምንኖርበትም ቦታ ያበሳጨኛል። ከሰሜን ሸዋው ጣርማበር ጫፍ ወደ ምዕራብ የወረደ ዝናብ በጀማ ወንዝ አድርጎ ዓባይ ይገባል። ወደ ምሥራቅ የወረደው በእነ ሮቢ ወንዝ በኩል አዋሽ ይገባል፤ አዋሽም ባሕር ሳያይ አፋር ምድር ላይ አቤ ሐይቅ ውስጥ ይቀራል። እኛ ከላይ ነን። ውሃው ወደ ግራም ወደ ቀኝም ከኛ ይሸሻል። ከፍታ ላይ ያለ ሰው የሚያገኘው በዓመት የሚወርድለትንና መሬቱ ይዞ የሚያቆይለትን ብቻ ነው። በ2007 በልጉም ክረምቱም ሲከዱ አየነው። ኤልኒኖ ነው ተባለ። በ2008 በአገሪቱ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው የምግብ እርዳታ ጠባቂ ሆነ። ሽማግሌዎቹ ደግሞ ስለ 77 ማውራት ሲጀምሩ ልጆች ከአጠገባቸው ይነሳሉ፤ አይችሉትም።

መሬቱ ይዞ የሚያቆየው ስል እምዬ ትዝ አለችኝ። መንዝ ነው ያደገችው። ስለ ጓሳ ስታወራ ድምፅዋ ይለወጥ ነበር። ጓሳ እንዳላየው ሰው ልንገራችሁ፤ ከ3,000 ሜትር በላይ ያለ ሰፊ የሣር አምባ ነው። ቀይ ቀበሮውና ጭላዳው እዚያ አለ። ሣሩ ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል፣ ገሳ ይሠራበታል። ጉሙንና ዝናቡን ይዞ ቀስ እያለ ለምንጮቹ ይለቃል። የመንዝ ሰው ይህን ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባል ሥርዓት ሲጠብቀው ኖሯል። ይዘጋል ሲባል ይዘጋል። ሦስት ዓመት፣ አራት ዓመት፣ አንዳንዴም አምስት ዓመት። ማጨድ የለም፤ ከብት ማስገባት የለም። የሥርዓቱ አለቃ አባ ቄራ ይከፈት ካላለ አይከፈትም። ሰርቆ ያጨደ ይቀጣል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱን አፈረሰው፤ በኋላ ሕዝቡ በኮሚቴ አድርጎ መልሶ ያዘው። ጓሳ ዛሬም አለ።

እምዬ ደጋግማ የምትለው አንድ ነገር ነበር። «አባ ቄራውም ቤቱ ሲያፈስ ጓሳ አያጭድም።» የሷ አባት ቤት አንድ ክረምት ሙሉ እያፈሰ አልፏል። ጎረቤቱም የአለቃውም ያፈስ ነበር። ሁሉም በድስት እየተቀበሉ ከረሙ። ሰው ያኔ «ይሄ ለኛ ነው ወይ?» አላለም። ለሁሉም እንደሆነ ያይ ነበር።

ሌሊቱን ሳስብ የቆየሁት ይሄን ነው። እኛ እምቢተኛ ሕዝብ አይደለንም። ዓመታት የሚቆይ ክልከላ የጠበቀ ሕዝብ ጥርሱን ሲቦርሽ ቧንቧ ዝጋ ቢባል እምቢ አይልም። የሚያየው የሚዘጋውን ሰው ነው። ያ መኪና የመጣበት ግቢ ሮቶው ሞልቷል ወይ? ትልልቆቹ ቤቶች ፈረቃ ያውቃሉ ወይ? ሞንታርቦው «ከዛሬ ጀምሮ እኛም በናንተ ፈረቃ ነን» ቢል ኖሮ እማማ ወ. ያን ጥያቄ የሚጠይቁ አይመስለኝም። እንዲያውም ጆግ ይዘው ወጥተው እንዴት እንደሚቆጠብ ያሳዩአቸው ነበር።

ለእሁድ የሰፈር ስብሰባ ተጠርቷል። ይሄንኑ ልናገር ተዘጋጅቻለሁ። ለሁሉም እኩል ይዘጋ፣ ከትርፉ ይጀመር እላለሁ። የመጀመሪያው ትርፍ ደግሞ ሁሉም ጣቱን የሚቀስርበት ደሴ መንገድ ላይ ያለው ላቫጆ ነው። አይሱዙ እዚያ ቆሞ ጭቃው በጎማ ሲወርድ፣ ውሃው አስፋልት አቋርጦ ቦይ ሲገባ በዓይናችን እናያለን። እኛ ጀሪካን ይዘን በዚያ በኩል ስናልፍ ያማል።

ላቫጆው ላይ የሚሠሩት ግን የሰፈሩ ልጆች ናቸው። ሥራ ሲጠፋ ተደራጅተው የጀመሩት ነው። ውሃው ከራሳችን ጉድጓድ ነው ይላሉ። ጉድጓዱና ቦኖው ከአንድ መሬት ሥር እንደሚጠጡ ቢገባቸውም ሌላ ምን ያድርጉ? ታ. እዚያ ነው የሚውለው። ማታ የሚያመጣት ብር ናት የእናቱን ቤት የምታቆመው፤ ቦኖ ሲጠፋ የጋሪ ውሃ የሚገዙትም በሷ ነው። ጓሳ ሲዘጋ የሁሉም ጣሪያ አንድ ላይ ያፈስ ነበር። ላቫጆው ቢዘጋ የሚያፈሰው የታ. እናት ቤት ብቻ ነው። የትልልቆቹን ሮቶ ደግሞ ማንም ስብሰባ ላይ ደፍሮ የሚያነሳው አይመስለኝም። እጅ የሚወጣው ቅርብ ያለው ላይ ነው።

የታ. እናት እሁድ ፊት ለፊቴ ነው የምትቀመጠው። ላቫጆው ይዘጋ የሚል እጅ ይውጣ ሲባል ምን አደርጋለሁ?